ከማርያም ግርጌ የተሣለችው አያቴ

እናቴ ማንበብ ከተወች ሁለት ዓመት አለፋት። ዓይኗን ግፊት ይዞት፣ ዳር ዳሩን እየበላ መጥቶ፣ አሁን የቀረላት መሐል ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ናት። ባለፈው ሐምሌ ሐኪሙ ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺም ብዙ አትቆይም» አለኝ። እናቴ ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ ምንም አልሆነም፤ ሰማች። ቤት እንደገባን ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እንግዲያው ሳይጨልምብኝ እናቴን አሳዪኝ» አለች።

እናቷ፣ የእኔ አያት ማለት ነው፣ ከሞተች ስድሳ ዓመት አልፏታል። ፎቶ ተነስታ አታውቅም። መልኳ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወገራ ውስጥ፣ ጓሳ ሜዳ በምትባል አገር፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ላይ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የነገሥታቱ ዘመን ነው ይባላል። የግርጌው ግን በዝናብ ተበላሽቶ ኖሮ፣ እናቴ ገና ስትድህ አንድ ሠዓሊ ከጎንደር ተጠርቶ መጣና ክረምቱን አያቶቼ ቤት ከረመ። አያቴ ሳትሰለች አብልታ አጠጥታ አከረመችው። እሱም ውለታዋን ሲመልስ ከእመቤታችን እግር ስር ተደፍታ፣ እጇን ዘርግታ ስትማፀን አድርጎ ሣላት። እናቴ ሰባት ዓመት ሲሆናት አያቴ በወሊድ ሞተች። ከዚያ ወዲያ አባቷ በየሰንበቱ መጋረጃውን እየገለጠ ያችን ፊት ያሳልማት ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዘመድ ጋ ተልካ ከአገሯ ወጣች፤ ተመልሳ አላየችውም።

እኔ አዳማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጉዞ አልወድም፣ ብርድ አልወድም፣ በቅሎ እፈራለሁ። ግን የእሷ ጉልበት አይችልም፤ እህት ወንድም ደግሞ የለኝም። ቦርሳዬን ስሸክፍ አጠገቤ ቆማ ታዘኝ ጀመር። «ስትደርሺ መጀመሪያ ተሳለሚልኝ። በከንፈርሽ፣ እንደ እኔ። ሳትሳለሚ ስልክሽን እንዳታወጪ። እንደ ጎብኚ ፎቶሽን ብቻ አንስተሽ እንዳትመጪ።»

«እሺ እምዬ።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን» አልኳት። አንድ እስር ጧፍ ሰጥታኝ ሸኘችኝ።

ሰኞ

ነሐሴ ነው፣ ያውም ፍልሰታ። አውሮፕላኑ ጎንደር ሲያርፍ ዝናቡ አግድም ይዘንባል። እኛ አዳማ በነሐሴም መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው፤ እዚህ ሰዉ ጋቢ ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ባጃጁ ሽቅብ ወደ ቁስቋም ሲወጣ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋበትና ሁለተኛው ላይ ወርጄ ገፋሁ። ባለባጃጁ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለኝ። እኩያው ነኝ ብዬ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

ያረፍኩት እትዬ አሰገደች የምትባል ሴት አልጋ ቤት ነው። ስድስት ክፍል አላት፤ አምስቱ ባዶ ነበሩ። መብራት የለም። በጀሪካን ሙቅ ውሃ ይዛልኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ድሮ በዚህ ወር አልጋ ለምኖ የሚያድር ፈረንጅ ነበረን» አለች፣ የሞተ ዘመድ እንደምታነሳ ሰው። ሽሮ አቀረበችልኝ። የእኛ ሽሮ ቀይ ነው፤ የእሷ ነጣ ያለ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነው፤ ጣፈጠኝ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ፤ እግሬ ግን እስኪነጋ አልሞቅ አለኝ።

ማክሰኞ

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «ዛሬ ወደ ዳባት አይኬድም» አለኝ።

«ምነው?»

«መንገዱ ዝግ ነው።»

ለምን እንደተዘጋ የተናገረ የለም፤ የጠየቀም የለም። ሰዉ ዕቃውን አንስቶ እንደለመደው ተበተነ። እኔ ብቻ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ዳባት ላይ ወደ ጓሳ ሜዳ ሊወስደኝ በቅሎ ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር፤ ስደውልለት ስልኩ አይሠራም።

ሲከፋኝ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። የእቴጌዋ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ዝናብ ጠግቦ ጠቁሯል፤ ሣሩ ድንጋዩን ሊውጠው ምንም አልቀረው። አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግንቡ ስር ተጠልሏል። «ላስጎብኝዎት?» አለኝ።

«ተወኝ፣ የአገሩ ልጅ ነኝ» አልኩት።

«በነፃ ነው። አፌ ካልተናገረው ይጠፋኛል» አለኝ።

አሳዘነኝና ተከተልኩት። የሌሉትን ክፍሎች እየጠቆመ፣ ለእኔ ለአንዷ ሴትዮ ለሃያ ሰው እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አስጎበኘኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ሙያው መጣለት። «የአገራችንን ሥዕል ሲያዩ ዓይን ይቁጠሩ» አለኝ። «ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ ነው። በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ኃጥእ ነው። ይሁዳን ይዩት፣ ጌታን የሰቀሉትን ሰቃልያኑን ይዩ፣ ሁሉም አንዳንድ ዓይን ናቸው።» ስንለያይ ሻይ ልጋብዘው ብል ጿሚ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። ከግንቡ ስር ተመልሶ ቆመ፤ ዞሬ ሳየው እዚያው ነበር።

ረቡዕ

መንገዱ ተከፈተ። ለምን እንደተከፈተም የተናገረ የለም። ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ሄድን። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ጉሙ መጥቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳ። አንድ ቦታ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባና ሁላችንም ወረድን። አንድ እግር ጫማዬን ጭቃው ነጠቀኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ ፈልጋ አወጣችልኝና በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። አዳማ ቢሆን ስቀውብኝ ነበር የሚያልፉ።

ዳባት የሚጠብቀኝ አያ ፈንታ ይባላሉ፤ የእናቴ አጎት ልጅ ናቸው፣ ሰባ ያለፋቸው። ከዋዜማው ጀምረው ቆመው ጠብቀውኝ፣ ስቀር የሰው በረንዳ ላይ አድረው፣ በማለዳ መልሰው ቆመዋል። ይቅርታ ስጠይቅ «ምነው ልጄ፣ መንገዱን አንቺ አልዘጋሽው» አሉኝ። በቅሎዋ ላይ አወጡኝና እሳቸው በእግራቸው፣ እኔ በፍርሃት፣ ሦስት ሰዓት ሄድን። የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩ ግን ከራሳችን ከፍ አላለም።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ አምጥተው እግሬን ካላጠብኩ አሉ። እምቢ ብል «ተይ እንጂ፣ የዘመድ ልጅ ብትሆኚም እንግዳ ነሽ» ብለው ይዘው አጠቡኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከእናቴ ሌላ ሰው እግሬን አጥቦኝ አያውቅም። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን። «በሞቴ» እያሉ አራት ጊዜ አጎረሱኝ።

ስለ ሥዕሉ ስጠይቅ አያ ፈንታ እሳቱን ቆሰቆሱ። «አለች» አሉ በኋላ። «አለች፣ ግን እንደ ድሮዋ አይደለችም። አንዲት ዓይኗ ናት የቀረችው።»

«ምን ሆና?»

«ስንሳለማት ነዋ» አሉ እትዬ ደብሬ። «አያትሽ በምጥ አይደል የሞተች? ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ያረገዘች ሁሉ፣ እኔ የደረሰብኝ አይድረስብሽ ብላ ታማልደኛለች እያለች እሷን ትሳለማለች። እኔም በሰባቱም ልጆቼ ተሳልሜያታለሁ። ፊቷን የጨረስናት እኛው ነን።»

«ልጆቹማ» አሉ አያ ፈንታ፣ «አንድ ዓይና ስለሆነች ከሰቃልያኑ ትመስላቸውና ይፈሯታል።»

ያ የቁስቋሙ ሰው የነገረኝ ትዝ አለኝና ልቤ ተሰበረ። እንግዳ ተቀባይ ጻድቅ የነበረች ሴት በፍቅር ብዛት ኃጥእ ሆናለች። ቢሆንም አንድ ዓይን ለእናቴ ይበቃል አልኩ። እሷም የምታየው በአንዲት ቀዳዳ ነው።

ሐሙስ

ቅዳሴ ያበቃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከምእመናኑ ጋር ደጅ ቆሜ በብርድ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። ድሮ ጣሪያዋ ጓሳ ሣር ነበር፤ ሕዝቡ ከአፉ ነጥቆ አዋጥቶ ቆርቆሮ አልብሷታል። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ፣ ደቃቃ ሽማግሌ፣ ቆርቆሮውን እያሳዩኝ «ለክብሯ ብለን ነበር» አሉ። «ሣሩ ይተነፍስ ነበር። ቆርቆሮው ግን ያልበዋል፤ ላቡ በግድግዳው ይወርዳል።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወለሉ ይቀዘቅዛል። እናቴ የላከችውን ጧፍ ቄሰ ገበዙ ለኮሱና በሴቶች በኩል ያለውን መጋረጃ ገለጡ።

ሥዕል አይቼ የማላውቅ አይደለሁም፤ ሰበካችን ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው፣ በዘይት ቀለም የተሣለ፣ የሚያበራ። ይሄ ሌላ ነው። ጊዮርጊስ በአምባላይ፣ በነጭ ፈረሱ ላይ ነው፤ ቀዩ ቀለም ደም አይመስልም፣ በርበሬ ይመስላል። ከጎኑ ስቅለቱ አለ፣ ሰቃልያኑ በጎን በጎናቸው። መላእክቱ ተደርድረው በትልልቅ ዓይናቸው ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ። መሐል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሰማያዊ ለብሳለች። ሥዕሉ ያለው ግንቡ ላይ በተለጠፈ አቡጀዲ ላይ ነው። ጨርቅ አውቃለሁ፤ ሳየው ርሶ ከግድግዳው እየተላቀቀ ነበር፣ ዳር ዳሩ ሻግቷል። ማልቀስ የጀመርኩት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

«እሷ ከታች ናት» አሉ ቄሰ ገበዙ። ወገባቸው አይታጠፍም፤ ጧፉን የቻሉትን ያህል ዝቅ አደረጉልኝ። አየኋት። የተዘረጉ ሁለት እጆች፣ ነጭ ቀሚስ፣ ከጎኗ «በዝ ሥዕል ተማኅፀነት ወለተ ኪዳን» የሚል የግዕዝ ጽሕፈት፤ ወለተ ኪዳን የአያቴ የክርስትና ስም ነው፣ በዚህ ሥዕል ተማፀነች ማለት ነው። ፊቷ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ቡናማ ቀለም ሆኗል፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ጥቁር ዓይን ቀና ብላ ታየኛለች። የእናቴ ዓይን ናት። ሳይታመም የነበረው፣ ልጅ ሆኜ የማውቀው።

ስልኬ ደረቴ ውስጥ ነበር። እጄ ሄደ፣ መለስኩት። ማርያምን ብዬ ምያለሁ።

«ቀስ ብለሽ» አሉኝ ቄሰ ገበዙ።

ተንበረከክሁና ተሳለምኳት። ቀስ አላልኩም። የእናቴን የስድሳ ዓመት ናፍቆት ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ከንፈሬን አጥብቄ ነው ያሳረፍኩት። ቀና ስል ከንፈሬ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ስስ ነገር ተጣበቀ። ምንም አልመሰለኝም፤ በነጠላዬ ጠረግኩት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁ።

አቡጀዲው ነጭ ነበር። ፊቷ በነበረበት ቦታ የድሩና የማጉ ክር ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም። እጆቿ እንዳሉ ናቸው። ነጠላዬን ወደ መብራቱ አቀረብኩ። ጥለቱ አጠገብ ቡናማ ቅርፊት፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች።

«አባ፣ ምን አደረግኩ?» አልኩ።

ቄሰ ገበዙ ጧፉን እንደገና ዝቅ አድርገው ባዶውን አዩ። ሰሙ በእጃቸው ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። «ብቻሽን አይደለሽም ልጄ» አሉ። «እኔም ሕፃን ሆኜ እናቴ እያነሳች አሳልማኛለች። ሁላችንም በልተናታል። የመጨረሻዋ ጉርሻ ላንቺ ደረሰች።» ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እህል ከአፌ በገባ ቁጥር ይኸው ቃል ይመጣብኛል።

አያ ፈንታ ከውጭ ሲጠብቁኝ ቆይተው ገቡ። ነገሩን ሲረዱ ባርኔጣቸውን ጨምድደው ያዙ። በጆሮዬ «ያችን መልአክ አንሺላት» አሉኝ፣ የእመቤታችንን ቀኝ እየጠቆሙ። «ያ ሠዓሊ እነሱንም አድሷቸዋል፤ ዓይናቸው አንድ ነው። እናትሽ በምን ታውቃለች?» አየኋት። እውነታቸውን ነው፣ ትመስላለች። ሁለቱንም አነሳሁ፤ መጀመሪያ ባዶውን ከነእጆቿ፣ ቀጥሎ መልአኳን። ከዚያ ባትሪው አለቀ።

ዓርብና ቅዳሜ

ነጠላውን በጥንቃቄ አጥፌ ራስጌዬ አድርጌው ነበር የተኛሁት። ለእናቴ ወስጄ ምን እንደማደርገው አላውቅም፤ ብቻ ይዤው ልሄድ ነው። ዓርብ ጠዋት ስነሳ የለም። ወጥቼ ባይ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፣ እንደ አዲስ ነጥቷል፣ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ቆሽሾ አየሁትና በእንዶድ አጠብኩልሽ» አሉኝ እትዬ ደብሬ፣ እጃቸው ከብርዱ የተነሳ ቀልቷል። «እንግዳዬ እድፍ ለብሳ ከቤቴ አትወጣም።» ሳይነጋ ተነስተው ምንጭ ወርደዋል፣ በዚያ ጭቃ። ሸጋ አድርገው ነው ያጠቡት፤ ጥለቱ አጠገብ ምልክት እንኳ አልቀረም። ምን ይባላል። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ደብሬ» ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ለእናቴ አንድ ቋጠሮ በሶ ሰጡኝ፤ እርጥቡን ነጠላ እሳት ላይ አድርቀው አለበሱኝ።

ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍን። ሆዷ የገፋ ሴት ከደጁ ስትወጣ አገኘናት። አያ ፈንታ ተሳልማ እንደሆነ ጠየቋት። «ተሳለምኩ፣ ብቻ ዛሬ ሳላያት ተሳለምኩ፣ ጨለማ ነበር» አለች። አያ ፈንታ ወደ እኔ አላዩም። እኔም በቅሎዋ ላይ ሆኜ መሬት መሬት አየሁ። ዳባት ሲሸኙኝ በሁለት እጃቸው ራሴን ይዘው መረቁኝ፤ ያን ያህል የሚያስመርቅ ነገር አልሠራሁም። ጎንደር አድሬ ቅዳሜ በረርኩ።

እሑድ

ቤት የደረስኩት ቅዳሜ ማታ ነው፤ እናቴ ተኝታ ነበር። ጠዋት ፀሐዩ በመስኮቱ ሲገባ፣ እሷ የተሻለ የምታይበት ሰዓት ነው፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ፎቶውን አልጠየቀችም። «ተሳለምሽልኝ?» አለች።

«ተሳለምኩልሽ።»

«በከንፈርሽ?»

«በከንፈሬ።»

አገጬን በእጇ ፈልጋ ያዘችና ከንፈሬን ሳመችኝ፣ ሕፃን ሆኜ ካልሆነ ስማኝ በማታውቀው አሳሳም። «በረከቷ ይድረሰኝ» አለች። ከዚያ «አሁን አሳዪኝ» አለች።

ስልኩን ሰጠኋት። አውራ ጣቴ መልአኳ ላይ ሄዶ ነበር። መለስኩት፤ እውነተኛውን ከፈትኩላት። ስልኩን ዓይኗ ስር አስጠግታ፣ ራሷን በጥቂቱ እያዘነበለች፣ በዚያች ቀዳዳ ፈለገቻት።

«እጇን አየሁት» አለች። «ይኸው እጇ። ቀሚሷንም።» ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አየች። «ፊቷ ጋ ስደርስ ግን ነጭ ይሆንብኛል።»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ዓይኔ ነው» አለች፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «ሥዕሉስ ደህና ነው። ያን ሁሉ አገር ዞረሽ አምጥተሽልኝ፣ እኔ ዓይን አጣሁ። አጉል ደከምሽ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።»

«አዎ እምዬ፣ ዓይንሽ ነው» አልኳት።

ይህን የጻፍኩት እናቴ አንብቢልኝ እንደማትለኝ ስለማውቅ ነው። ጓሳ ሜዳ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ይቅርታ መለመን የነበረብኝ እኔ ሆኜ፣ እናቴ ለምናኝ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ።